የሚያይ ዐይንና የሚመሰክር አፍ

ማየት ማወቅ ነውን? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ከትምህርት ቤት አዳራሽ ወጥቶ በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል። በየሱቁ ደጃፍ፣ በየባንኩ ግድግዳ፣ በየመንገዱ ማዕዘን የተሰቀለው የጥበቃ ካሜራ ሳያንቀላፋ ሲመለከት ይውላል፣ ያድራል። በተመለከተው ስፍራ ወንጀል የተፈጸመ እንደ ሆነ ሥዕሉ ለሕዝብ ይታያል፤ ሕዝቡም የታየውን እያቆመና እየመለሰ፣ እያሰፋና እያቀረበ ወንጀለኛውን ለማግኘት ይደክማል። ማንም ሳይሾማቸውና ማንም ደመወዝ ሳይቈርጥላቸው በገዛ ፈቃዳቸው የወንጀል መርማሪ የሆኑ ሰዎች ቍጥራቸው እጅግ በዝቷል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የእነዚህ ሰዎች ሥራ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚለውን ብቻ አይደለም። ይልቁንም ሥዕል ያየ ሰው «አየሁ» ለማለት ምን ያህል መብት አለው፣ አየሁ ካለስ በኋላ ምን ዕዳ ይኖርበታል የሚለውን ነው።

ነገሩ በባዶ ሜዳ የተነገረ እንዳይሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ እናስቀድም። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ኤፕሪል 18 ቀን 2016 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ሚድሎዚያን በምትባል ከተማ አንዲት የሰውነት ማጠንከሪያ አስተማሪ ገና ሳይነጋ በዝናም ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ በዚያው ሕንጻ ውስጥ በማለዳ ታስተምር ነበርና። ጥቂት ቈይተው የደረሱት ተማሪዎቿ ሞታ አገኟት። የሕንጻው የጥበቃ ካሜራዎች ሲመረመሩ ከእርሷ አስቀድሞ የገባ ሰው ተገኘ። ሰውየው (ሰውየው የምንለው ለንግግር እንዲመች ነው እንጂ ወንድ ይሁን ሴት በርግጥ አልታወቀም) ራሱን በወታደር ቈብ ሸፍኖ፣ ፖሊስ የሚል ጽሕፈት ያለበት ጥሩር ለብሶ፣ መዶሻ የመሰለ መሣሪያ ይዞ በየመተላለፊያው ሲመላለስ፣ በር ሲከፍት፣ መስታወት ሲሰብር ይታያል። የሚቸኩል አይመስልም። ፊቱ ከቶ አይታይም። ግድያው ራሱም በሥዕሉ ውስጥ የለም።

ፖሊስ ሥዕሉን ለሕዝብ ያሳየው በቅን ልብ ነው፤ ይህን አካሄድ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይጠቁመን ሲል ነው። በርግጥም ለተመልካች የተረፈው አረማመዱ ብቻ ነበር። እግሩን ወደ ውጭ ጣል እያደረገ የሚራመድ፣ ትንሽም የሚያነክስ የሚመስል ሰው ነው። እንግዲህ በዚህች አንዲት ምልክት ላይ ስንት ሺሕ ሰው ስንት ሺሕ ሰዓት እንዳጠፋ መገመት አያዳግትም። አንዱ የበሩን ከፍታ ለክቶ የሰውየውን ቁመት አወጣ። ሌላው ከወገቡ አወዛወዝ ተነሥቶ ሴት ናት ብሎ ፈረደ። ሦስተኛው የሟቿን ወዳጆችና ዘመዶች ፎቶግራፍና ፊልም ከየስፍራው ሰብስቦ አረማመዳቸውን ከዚያ አረማመድ ጋራ ጎን ለጎን አቆመ።

ከሟቿ ቤተ ዘመዶች አንዱ በዚህ መንገድ ተያዘ፤ በሕግ ሳይሆን በሰው አፍ። አረማመዱ ያን ይመስላል ተባለ። ቈየት ብሎም ደም የነካው ልብስ ለልብስ አጣቢ መስጠቱ ተሰማና ለብዙ ሰው ነገሩ ያለቀለት መሰለ። ደሙ በላቦራቶሪ ሲመረመር ግን የውሻ ደም ሆኖ ተገኘ። በዚያች ሌሊት ከቴክሳስ ውጭ በሌላ ክፍለ ግዛት እንደ ነበረም ተረጋገጠ። ዘመዱ ተገድሎበት የሚያዝን ሰው፣ እንባው ሳይደርቅ፣ በማያውቃቸው ሰዎች ዘንድ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ሰነበተ ማለት ነው። ከላቦራቶሪው ውጤት በኋላ እንኳ ጥርጣሬው በአንድ ጊዜ አልጠፋም። ጥርጣሬ በማስረጃ ይወለዳል ይባላል፤ እኛ እንደምናየው ግን ሲሞት በማስረጃ አይሞትም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና የተነገረውን ቃል ማን ሮጦ ይመልሰዋል?

አሁን የሥዕሉን ነገር ጥቂት ጠለቅ ብለን እንመልከት፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ ላይ ነውና። የጥበቃ ካሜራ እንደ ዐይን የሚያይ ይመስለናል፤ እንደ ዐይን ግን አያይም። ብዙዎቹ በሰከንድ የሚያነሡት ጥቂት ነጠላ ሥዕሎችን ብቻ ስለ ሆነ የሰውን ርምጃ ይቈራርጡታል፤ የተቈራረጠ ርምጃ ደግሞ የማያነክሰውን ሰው ሊያስነክሰው ይችላል። መስታወቱ ሰፊ ስፍራ እንዲያሳይ ተብሎ የተሠራ እንደ ሆነ በሥዕሉ ዳርና ዳር ያለውን ነገር ይለጥጠዋል። ከላይ ወደ ታች የሚመለከት ካሜራ ቁመትን ያሳጥራል። በጨለማ የተነሣ ሥዕል ጥላውን ከሰውየው ጋራ ያዋሕደዋል። በዚያም ላይ ከባድ ጥሩር የለበሰና ያልለመደውን ጫማ የተጫማ ሰው እንደ ወትሮው አይራመድም። ሥዕሉን በማስፋት የሚገኝ ነገር አለ የሚል ቢኖር፣ ማስፋት ያለውን ያተልቃል እንጂ የሌለውን አያመጣም። ዛሬ ደግሞ ደብዛዛውን ፊት አጥርተው የሚያሳዩ መሣሪያዎች ወጥተዋል፤ እነዚህ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈሩ ናቸው፤ የጠፋውን ዐይንና አፍንጫ ከሌሎች ብዙ ሰዎች ፊት በተማሩት መሠረት ገምተው የሚሥሉ ናቸውና። ተመልካቹ ግምቱን ማስረጃ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሠዓሊ ከልቡ አውጥቶ የሣለውን መልክ ይዞ ባለመልኩን ፍለጋ እንደ መውጣት ያለ ነው።

ይህ ሁሉ የመሣሪያ ጕድለት ነው፤ መሣሪያ ደግሞ ይሻሻላል። የማይሻሻለው ሌላው ነው። ሥዕል እጅግ የጠራ ቢሆንም እንኳ የሚያሳየው ድርጊትን እንጂ ሐሳብን አይደለም። ይህን ለማስረዳት ከሚድሎዚያን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ወደሚገኘው ወደ ዳላስ ከተማ እንሂድ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 በዚያ ሲገደሉ አብርሃም ዛፕሩደር የተባለ የልብስ ነጋዴ በእጅ ካሜራው ፊልም ያነሣ ነበር። ፊልሙ ከ27 ሰከንድ አይበልጥም፤ በውስጡ ያሉት ነጠላ ሥዕሎችም 486 ናቸው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ በማትሞላ ፊልምና በዕለቱ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ግን የተጻፈው መጽሐፍ ቤት ይሞላል።

በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ከመንገዱ ዳር ጥቁር ዣንጥላ የዘረጋ አንድ ሰው ይታያል። ዕለቱ ፀሐይ ነበር። ዝናም በሌለበት፣ የሰዉ ሁሉ ዐይን ወደ ፕሬዚዳንቱ በተመለሰበት ሰዓት ይህ ሰው ዣንጥላውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ሥዕል መርማሪዎቹ ይህን ሲያዩ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም። አንዱ ለተኳሾቹ ምልክት ይሰጥ ነበር አለ። ሌላው ዣንጥላው ራሱ መርዝ የሚተኩስ መሣሪያ ነው ብሎ ንድፉን ሳይቀር አሳተመ። እንዲህ ሲባል 15 ዓመት ያህል አለፈ። በ1978 ሰውየው ዣንጥላውን ይዞ በአሜሪካ ምክር ቤት አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቀረበና ቃሉን ሰጠ። የኬኔዲ አባት ከጦርነቱ በፊት በሎንዶን አምባሳደር በነበሩ ጊዜ ኔቪል ቼምበርሌን ለሂትለር ያሳዩትን መለሳለስ ደግፈው ነበር፤ ዣንጥላ ደግሞ የቼምበርሌን መታወቂያ ነው፤ ስለዚህ ልጅየውን በአባቱ ነገር ላበሽቀው ብዬ ነው አለ። (ያን ዣንጥላ እኛ ኢትዮጵያውያንም በመጠኑ እናውቀዋለን። ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ያደረገችውን ወረራ በ1938 እንደ ሕጋዊ ግዛት ያወቀው የቼምበርሌን መንግሥት ነበር።)

አንባቢ ይህን ያስተውልልን። ከ486ቱ ሥዕሎች በአንዱም ውስጥ ቼምበርሌን አልነበሩም። የዣንጥላው ምክንያት ያለው በዳላስ መንገድ ላይ ሳይሆን 25 ዓመት ወደ ኋላ፣ ባሕር ማዶ በሎንዶን ከተማ ነው። መቶ ዓመት ቢያፈጡ፣ ሺሕ ጊዜ ቢያሰፉ ሊገኝ አይችልም ነበር። ሊገኝ የቻለው ሰውየው ተጠይቆ ስለ መለሰ ነው። ሰውን ሳይጠይቁ ከሥራው ብቻ ልቡን አነበብሁ ማለት ለሥጋ ለባሽ ያልተሰጠ ሥልጣን ነው፤ ዳኛ እንኳ ተከሳሹን አቁሞ «ምን ትላለህ?» ሳይል አይፈርድም።

ሕዝብ ራሱ መርማሪ የሚሆንበት ሥርዓት ለእኛ አዲስ አይደለም። በቀድሞው ዘመን አውጫጭኝ ነበረ። ንብረት የጠፋበት ወይም ሰው የተገደለበት አገር ሰዎች በአንድ ሜዳ ይሰበሰባሉ፤ የቀረ ይቀጣል፤ የመጣውም ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ ቤቱ እንዳይመለስ ይከለከላል። ሳይታወቅ የቀረ እንደ ሆነ ካሳውን አገሩ በሙሉ ይከፍላል። ሌባ ሻይም ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ በገመድ ታስሮ እየተንገዳገደ ይሄዳል፤ ከወደቀበት ቤት ባለቤቱ ሌባ ነው ይባላል። ሌባ ሻይን ለማመስገን የሚደፍር ሰው ዛሬ አይገኝም። ነገር ግን በአንድ ደብዛዛ ሥዕል ላይ ዐይኑ እስኪፈዝ ድረስ ሲያፈጥ አድሮ በማለዳ ከአንድ የማያውቀው ሰው ስም ላይ የሚወድቀውስ ከዚያ ልጅ በምን ይሻላል? ልጁ እንኳ ተገድዶ ነው የጠጣው።

አውጫጭኝንም አናቈነጅም። ብዙ ጊዜ የሚጠቈመው ወገን የሌለው፣ መጤው፣ ጎረቤቱ የጠላው ሰው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ሰዉ ወደ እርሻው መመለስ ናፍቆታልና። ሆኖም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዛሬ የታጣ አንድ ነገር ነበረ። የሚናገረው ሰው በሜዳው ላይ በአካል ተቀምጧል። የሚጠቁመውን ሰው ነገ በገበያ፣ ከነገ ወዲያ በለቅሶ ቤት ያገኘዋል። ነገሩ ወደ ሙግት የሄደ እንደ ሆነም ከሳሽና ተከሳሽ ዋስ ይጠራሉ፤ ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳሉ፤ ቃሉን ያላስረዳ ውርርዱን ይከፍላል። ስለዚህ ቃል ዋጋ ነበረው። ከሳሹ አፉን ከመክፈቱ በፊት በደጁ የታሰረችውን በቅሎ ያስብ ነበር።

የዛሬው ሥዕል መርማሪ ምን ያስባል? ስሙ አይታወቅም፤ ዋስ አይጠራም፤ በቅሎም የለችበትም። ተሳስቶ ቢገኝ ወደ ሌላ ሥዕል ይሻገራል። ነገሩ ከምርመራ ይልቅ እንቆቅልሽ ጨዋታን ይመስላል። በእንቆቅልሽ ጨዋታ እንኳ መልሱ የጠፋው ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አገር ይሰጣል፤ በዚህኛው ጨዋታ ግን የተሳሳተው ሰው የሚሰጠው የራሱን ሳይሆን የሌላውን ሰው ስም ነው። የሞተችውም ሴት ስሟ፣ ልጆቿ፣ ሥራዋ ተረስቶ የጨዋታው መነሻ ብቻ ሆና ትቀራለች።

በዚህ የተነሣ የሚደርሰው ጕዳት የሐሳብ ብቻ አይደለም። ኤፕሪል 15 ቀን 2013 በቦስተን ከተማ በሩጫ ውድድር ላይ ቦምብ ፈንድቶ 3 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የአሜሪካ የወንጀል ምርመራ ቢሮ ከጥበቃ ካሜራ የተገኘ የተጠርጣሪዎች ሥዕል አወጣ። በዚያ ወራት ከቤቱ ጠፍቶ ቤተሰቡ የሚፈልገው አንድ ተማሪ ነበረ። መልኩ ይመሳሰላል ተባለና ስሙ በአንድ ሌሊት አገር አዳረሰ። ልጃቸውን ለመፈለግ ለሕዝብ ያቀረቡት ማስታወቂያ የስድብ መቀበያ ሆነባቸውና ቤተሰቡ ለመዝጋት ተገደደ። ከጥቂት ቀን በኋላ የልጁ አስከሬን ከወንዝ ወጣ። ቦምቡ ከመፈንዳቱ በፊት የሞተ ነበር። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል የሚባለው ተረት እንዲህ ላለው ነገር ያንሰዋል።

በዚህ ላይ የሚከራከረን ሰው እንደሚኖር እናውቃለን፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። «ፖሊስ ሲደክመው፣ ጋዜጣ ሲረሳው፣ ሟቹን የሚያስታውሰው ማን ነው? ያለ ፍርድ የቀረ ደም ዝም ይባላልን? ያየ ይመስክር የምትሉ እናንተ አይደላችሁምን?» ይለናል። እውነት አለው። ገዳያቸው ያልታወቀ ሟቾች ቤተ ሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚለምኑት ሥዕሉ እንዲታይ፣ ነገሩ እንዲወራ ነው፤ ከሐሜት ይልቅ መረሳት የሚያስፈራቸው አሉ። በገዛ ፈቃዱ የሚደክም ሰው የሠራው መልካም ሥራም አለ። በ1968 በኬንታኪ ክፍለ ግዛት ተገኝታ ማን እንደ ሆነች ሳይታወቅ የተቀበረች አንዲት ሴት ከ30 ዓመት በኋላ በ1998 ስሟን ያገኘችው አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ የጠፉ ሰዎችን ማስታወቂያ ሌሊት ሌሊት ሲያነብ በመኖሩ ነው። ይህን ሰው ማን ይነቅፈዋል? ግን ልብ እንበል፤ እርሱ ለስም የለሽ ሴት ስም ፈለገላት፤ ስም ያለውን ሰው ስም አላጠፋም። ያገኘውንም ፍንጭ የወሰደው ወደ ገበያ አይደለም።

ልዩነቱ ያለው ከዚህ ላይ ይመስለናል። አንድ ሰው ሥዕል አይቶ የጎረቤቱን አካሄድ ቢያስታውስና ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ስሙን አስመዝግቦ ቢናገር ምስክር ነው፤ ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝም ጕዳቱ በመዝገብ ውስጥ ተዘግቶ ይቀራል። ያንኑ ቃል በአደባባይ ቢጮኸው ግን ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም፣ ቅጣት ፈጻሚም በአንድ ጊዜ ሆነ ማለት ነው። በዓለም ላይ ያሉ ሕጎች ሁሉ እነዚህን አራት ሥራዎች ለአራት ሰው ለመከፋፈል ስንት ዘመን ደክመዋል!

አንድ ሌላ ነገር እንጨምርና እንተው። በፌብሩዋሪ 2017 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ ዴልፋይ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ሁለት ልጃገረዶች ተገደሉ። አንደኛዋ ከመሞቷ በፊት በአሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ ወደ እነርሱ የሚመጣውን ሰው በስልኳ ቀርጻው ነበር። ፖሊስ ሥዕሉንና ጥቂት የድምፁን ቃላት ለሕዝብ አወጣ፤ ሠዓሊዎች የሣሏቸው እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሁለት ሥዕሎችም ወጡ። በአሥር ሺሕ የሚቈጠር ጥቈማ መጣ። ከአምስት ዓመት በላይ በዚያች ሥዕል ላይ ያልተመረመረ ቈብ፣ ያልተመረመረ ኪስ አልነበረም፤ ስማቸው የጠፋም ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

በመጨረሻ የተገኘው ነገር የተገኘው ከሥዕሉ ውስጥ አይደለም። ከሥራዋ ጡረታ የወጣች አንዲት ሴት ያለ ደመወዝ ልርዳችሁ ብላ የምርመራውን ወረቀት ስታስተካክል ትውል ነበር። በሴፕቴምበር 2022 ከአንድ ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የቀረ ጥቈማ አገኘች። አንድ ሰው በግድያው ሰሞን በ2017 ራሱ ቀርቦ በዚያ ቀን በዚያ መንገድ ላይ እንደ ነበረ ተናግሮ ኖሯል። ቃሉን የመዘገበው ጸሐፊ ግን የሰውየውን የመንገድ ስም የአባቱ ስም አድርጎ ጻፈውና ወረቀቱ ካለ ስፍራው ተቀመጠ። (በየመዝገብ ቤቱ የምትሠሩ አንባቢዎቻችን ይህን ሁለት ጊዜ እንድታነቡት እንለምናለን።) ሴትዮዋ ወረቀቱን ለጋዜጣ አልላከችም፤ ለመርማሪዎቹ ሰጠች። ሰውየው በኦክቶበር ተያዘ። ጠበቆች ቆመውለት ሳምንታት የፈጀ ክርክር ተደረገ፤ የድልድዩም ሥዕል ከሌላው ማስረጃ ጋራ በችሎቱ ታየ፤ 12ቱ የፍርድ ሸንጎ አባሎችም ለቀናት ሲመክሩ ሰንብተው ኖቬምበር 11 ቀን 2024 ጥፋተኛ ነው ሲሉ ወሰኑ።